የቻርሚ ሠላሳ ዓመት

ባቭናጋር፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 2022

ኒራሊ ልጄ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። ያ ዝናበኛ ከተማ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ኢንዱማቲ ጉልበቷን ታማርራለች፤ እኔ ዓይኔን አማርራለሁ፤ ልጃችን ቻርሚ ግን የምታማርረው እኛን ብቻ ነው። የአያትሽ፣ የአክስቴ በረከት በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ።

“ስልክ እያለ ሽማግሌው ምን ደብዳቤ አስጻፈው?” ትዪ ይሆናል። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ክፍል ነው። ስልክ ሲጮህ ቀድማ የምታነሳው ቻርሚ ናት፤ አንዴ ካነሳች አትሰጥም። ብትሰጥም አጠገቤ ቁጭ ብላ “ምን አለች? ስለኔ ነው?” እያለች መውጫ መግቢያ ታሳጣኛለች። ስትወለድ ሐኪሙ “ዳውን ሲንድረም ነው፤ አእምሮዋ እንደ እኩዮቿ አያድግም” አለን። ጆሮዋ ከእኩዮቿ ሁሉ በልጦ እንደሚያድግ ግን አልነገረንም። አሁን ሃያ አራት ሞላት።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ሲሆር ያለው የአባቶቻችን ቤት ተሸጦ ድርሻዬ ደረሰኝ። ባንኩ “በጊዜ ገደብ አስቀምጠውና ወለድ ብላ” ይለኛል። ኢንዱማቲ “ወርቅ እንግዛ” ትላለች። የጎረቤታችን የፕራቪን ልጅ ቺንታን ደግሞ በረንዳዬን ለቆ አያውቅም።

“አጎቴ፣ ወርቅ እኮ ይተኛል፤ ቴክኖሎጂ ነው የሚሮጠው!”

“የሚሮጥ ነገር ይወድቃል” አልኩት።

“እንግዲያስ ጡረታ ወደወጡበት ጨው ፋብሪካ ተመልሰው ከረጢት ይመዝኑ!” ብሎኝ ሄደ። ባለጌ ነው፤ ግን እውነትም ያለው ይመስለኛል። የአገር ቤቱን የቴክኖሎጂ ፈንድ ይጠራል፤ የአሜሪካውን ንጹህ ቴክኖሎጂ ይጠራል፤ “የመቶው ኩባንያ” የሚለውንም ይጠራል። ሁሉንም እኩል ያሞግሳቸዋል፤ ይህ ነው ያስፈራኝ።

አንቺ ቴክኖሎጂው ከሚጋገርበት ምድጃ አጠገብ ነሽ። የትኛው ይሻላል? የሚቀመጠው ለሃያ፣ ምናልባትም ለሠላሳ ዓመት ነው። በስልክ እንዳትመልሽልኝ።

እግርሽ ጠጠር አይምታው።

አጎትሽ ሀርሻድራይ


ሲያትል፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2022

የተከበሩ አጎቴ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። እግርዎን በአክብሮት ነክቻለሁ፤ የኢንዱማቲቤንንም። ደብዳቤዎን ቢሮ አውጥቼ ሳነብ ጓደኞቼ ተሰብስበው ጽሕፈትዎን ሲያደንቁ ዋሉ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ካዩ ዘመን የላቸውም።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ሦስቱም ኢንዴክስ ፈንድ ናቸው። ይህን ግዛ፣ ያን ሽጥ እያለ የሚመርጥ ብልጥ ሰው የላቸውም፤ አንድ የታወቀ ዝርዝር አለ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች ሁሉ እንደየትልቅነታቸው እየመጠኑ ይገዛሉ። ስለዚህ የሚያስከፍሉት ትንሽ ነው። የሚለያዩት በዝርዝራቸው ነው።

የአገር ቤቱ አሥር ኩባንያ ብቻ ነው ያለው፤ የክብደቱን ግማሽ ያህል ሁለቱ ይዘውታል። ሁለቱ ቢደናቀፉ ስምንቱ አያነሷቸውም። የአሜሪካው ንጹህ ቴክኖሎጂ ብዙ ኩባንያ አለው ሲባል ደግሞ እንዳይደለሉ፤ እዚያም ሁለት ግዙፎች ብቻቸውን ከሲሶ በላይ ናቸው። የሚያስቅ ነገርም አለው። ሰው ሁሉ ቴክኖሎጂ የሚላቸው፣ የኢንተርኔት መፈለጊያውም ሆነ በኢንተርኔት ሸቀጥ የሚሸጠው፣ እዚያ ውስጥ የሉም። ዝርዝር አውጪዎቹ “አንተ መገናኛ ነህ፣ አንተ ነጋዴ ነህ” ብለው ሌላ ክፍል መድበዋቸዋል።

መቶው ኩባንያ ባንኮችን ትቶ በአንድ ገበያ ላይ የተመዘገቡትን ትልልቆች ይይዛል። ግማሹ ያህል ቴክኖሎጂ ነው፤ የቀረው መድኃኒት ሠሪም፣ ለስላሳ መጠጥ ሻጭም ነው። ከሦስቱ ምረጪ ካሉኝ እሱን እመርጥልዎታለሁ። ግን ቺንታን የማይነግርዎትን ልንገርዎ። በ2000 ከጣሪያው ወርዶ ከአምስት እጁ አራቱን አጥቶ ነበር። እዚያው ጣሪያ ላይ ለመመለስ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። አሥራ አምስት ዓመት ሳይነኩት መቀመጥ የሚችል ሰው ብቻ ይግባበት።

እኔ ራሴ ያለሁት ንጹሁ ውስጥ ነው፤ ደፋር ነኝ። መሥሪያ ቤቴም ከደመወዜ ጋር የራሱን አክሲዮን ይሰጠኛል። ሥራዬ ጥሩ ነው።

አሁን ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። ስልሳ ስምንት ዓመትዎ ነው። ሠላሳው ዓመት የማን ነው?

ጤናዎን ይስጥልኝ።

ኒራሊ


ባቭናጋር፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2022

ኒራሊ ልጄ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። የዘገየሁት በሙቀቱ ነው በይ። አስፋልቱ ከጫማ ጋር እየተጣበቀ ነው። ኢንዱማቲ ያንቺን ድርሻ የማንጎ ኮምጣጣ አስቀምጣልሻለች፤ መቼ መጥተሽ እንደምትበዪው እሷው ትወቅ።

ምክርሽን ተቀብዬ የመቶውን ፈንድ ልገዛ ብሄድ በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ገንዘብ ወሰኑ ስለሞላ አዲስ አንቀበልም አሉኝ። ልጅቷ በትሕትና “አባባ፣ የአገር ቤቱ ክፍት ነው” አለችኝ። የሁለቱንና የስምንቱን ነገር ብነግራት “ማን ነው የነገረዎት?” አለች። “አማካሪ አለኝ፤ ሲያትል ነው ያለችው” ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። ገንዘቡን ልላክልሽና እዚያው በስምሽ ግዢው። ሁሉንም። እኛ ወረቀት አንፈልግም፤ ያንቺ ቃል ይበቃናል። ጊዜው ሲደርስ ምን እንደምታደርጊበት ታውቂዋለሽ።

ቻርሚ ሥራ ጀምራለች። ሳኪናቤን የምትመራቸው፣ ከመስጊዱ ጀርባ ካክራ የሚባለውን ደረቅ ቂጣ እየጠበሱ የሚሸጡት ሴቶች ማኅበር አለ። እዚያ ቂጣውን እየደረደረች በፓኬት ታሽጋለች። ማታ ስትመጣ እጇ አብሽ አብሽ ይሸታል፤ እኛንም በረድፍ ልታስቀምጠን ይዳዳታል።

የጠየቅሽኝን አይቼዋለሁ። እመለስበታለሁ።

ክፉ ዓይን አይይሽ።

ሀርሻድራይ


ሲያትል፣ ጁን 26 ቀን 2022

የተከበሩ አጎቴ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። ሁላችሁም በሰላም ናችሁ ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡን በስሜ አልገዛም። እንዳይቀየሙኝ። በስሜ የተገዛ ነገር በሕግ የኔ ነው። ነገ መኪና ቢገጨኝ፣ ባገባና ብፈታ፣ ግብር ሰብሳቢው ቢመጣ፣ “ይህ የአጎቴ ነው” ብል ማንም አይሰማኝም። ቃል ይበቃናል ብለዋል። ቃሌን አክብረውልኛል፤ ቃል ግን ከኔ በላይ ዕድሜ የለውም።

ሁለተኛም ገበያውን እያዩ ነው? መቶው ከዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ ወደ ሲሶ የሚጠጋ ወርዷል። በጃንዋሪ ሁሉንም አስገብተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ኢንዱማቲቤን ከቤት ታስወጣዎት ነበር። ስለዚህ በሩ ሲከፈትም በአንድ ጊዜ አይግቡ፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሊያስፈልግ የሚችለው ባንክ ይቀመጥ። ከቀረው ደግሞ አብዛኛው ሰፋ ያለ ፈንድ ይሁን። እንደ አሜሪካው አምስት መቶ ኩባንያ ወይም እንደ አገር ቤቱ ሃምሳ ኩባንያ ባንክም፣ ነዳጅም፣ ሲሚንቶም ያለበት ማለቴ ነው። መቶው እንደ ቅመም ነው፤ ከቅመም ብቻ ወጥ አይሠራም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ጨለማ ውስጥ ሆኜ ነው። ገንዘቡ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እንደሚቀመጥ ልነግርዎ አልችልም።

ቻርሚ ናት አይደል?

ኒራሊ


ባቭናጋር፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2022

ኒራሊ ልጄ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። ይህን ያህል መዘግየቴ ተቀይሜ ነው። መቀየሜ እውነት ነው፤ ልክ አለመሆኔም እውነት ነው። ሁለቱም ከልቤ ወጥተው እስኪያልቁ ጠበቅሁ።

አዎ፣ ቻርሚ ናት። እንደ እሷ ያሉ ልጆች ድሮ ወላጆቻቸውን ቀድመው ይሄዱ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ሐኪሙ ልቧን መርምሮ “ይህች ልጅ ስልሳ ትደርሳለች” አለን። ያን ቀን ከደስታችን የተነሳ ጣፋጭ ገዝተን ለሰፈሩ አደልን። ማታ ግን ኢንዱማቲ ሳህን እያጠበች በድንገት “ስልሳ ስትደርስ እኛ የት ነን?” አለችኝ። ሠላሳው ዓመት የሷ ነው፤ እኛ የማንኖርበት።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ልንገርሽ። በጋርባው ጭፈራ ዋዜማ ቻርሚ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ተመለሰች።

“ምነው?” አለቻት እናቷ።

“ሥራ አቁሜያለሁ።”

“ደከመሽ?”

“አልደከመኝም። ሳኪና ለሌሎቹ ደመወዝ ትሰጣለች፤ ለኔ የከረሜላ ትሰጣለች። እኔ ከረሜላ አልወድም።”

“ልጄ፣ እዚያ መዋልሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ።”

“አንቺ ሂጂ። ከረሜላ የምትወጂው አንቺ ነሽ።”

በማግስቱም አልሄደችም። በሦስተኛው ቀን ሳኪናቤን ራሷ መጥታ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። “ሀርሻድባይ ወንድሜ፣ ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ስትቀር ግን ፓኬቱ ሁሉ ተወላግዶ ወጣ፤ ከሱቅ መለሱብኝ” አለች። ቻርሚ ከውስጥ ክፍል “ስንት?” አለች።

“እንደ ሌሎቹ” አለቻት።

“የትናንቱንም?”

“ትናንት እኮ አልመጣሽም!”

“አንቺ ስላልከፈልሽ ነዋ!”

ሳኪናቤን እስኪያስላት ሳቀች። የትናንቱን ግን አልከፈለችም፤ እሷም የዋዛ አይደለችም። አሁን ቻርሚ የራሷ የባንክ ደብተር አላት።

እንዳልሽኝ ከፊሉን ባንክ ትቼ ሰፊውን ፈንድ በየወሩ እገዛለሁ፤ የመቶው በርም ትንሽ ተከፍቶ ከአምስት አንዱን እዚያ እያስገባሁ ነው። ባየሁት ቁጥር ቀይ ነው፤ ያስገባሁት ሁሉ ጎድሏል። ቺንታንም በሌላ በኩል ነው የሚያልፈው። እናውጣው ወይ? ኢንዱማቲ ወርቁን እያነሳችብኝ ነው።

ሌላም የምጠይቅሽ ነበረኝ። ይቆይ።

ሀርሻድራይ


ባቭናጋር፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2023

ኒራሊ ልጄ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። የመብራቱ በዓል ዲዋሊ አለፈ፣ የወረቀት ካይት የሚበርበት በዓል አለፈ፣ ከአንቺ ግን ድምፅ የለም። ስልክ ደወልን፤ አልተነሳም። በጋዜጣ በእናንተ በኩል በየቢሮው ሰው እየተቀነሰ ነው ይላል። ያንቺ ሥራ ጥሩ ነው ብለሽኛልና ለኢንዱማቲ እሱኑ እነግራታለሁ።

ስለ ገንዘብ ምንም አልጠይቅሽም። ስለሌላም አልጠይቅሽም። ያስቀየምንሽ ነገር ካለ የሽማግሌ ጥፋት ነው ብለሽ እለፊው። “ደህና ነኝ” የሚል አንድ መስመር ይበቃናል።

ቻርሚ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። “ቻርሚ ተቆጥታለች ብለህ ጻፍ” አለች። ጽፌያለሁ።

የአያትሽ አምላክ ይጠብቅሽ።

ሀርሻድራይ


ሲያትል፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2023

የተከበሩ አጎቴ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። ደህና ነኝ። ይህን መስመር ያስቀደምኩት ለኢንዱማቲቤን ነው።

በኖቬምበር ከሥራ ተሰናበትኩ። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሬ አልከፍትም አለኝ፤ የተበላሸ መስሎኝ ጥገና ክፍል ደወልኩ። የሚያነሳው ልጅም ተሰናብቶ ነበር። በዚህ አገር የምኖረው በዚያ ሥራ ፈቃድ ነውና ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት የተሰጠኝ ሁለት ወር ብቻ ነበር። ለእናቴም አልነገርኩም። ስልኩ ሲጮህ የእናንተን ቁጥር እያየሁ አላነሳሁም፤ ድምፄን ብትሰሙ ታውቁት ነበርና።

ደመወዜ፣ የመሥሪያ ቤቱ አክሲዮን፣ ቁጠባዬ ያለበት ንጹህ ፈንድ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፤ አራቱም አንድ ሚስማር ላይ ተሰቅለው ኖረዋል። ሚስማሩ ሲነቀል አራቱም አብረው ወረዱ። ኪራይ ለመክፈል ፈንዱን በወደቀበት ዋጋ ሸጥኩት። ቀዩ ቁጥር እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ስሸጠው ነው ኪሳራ የሆነው። የረጅም ጊዜ ገንዘብ የሚባለው ባለቤቱ እንዲሸጥ የማያስገድደው ሌላ ነገር ሲኖረው ብቻ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ስለዚህ “እናውጣው ወይ?” ላሉኝ መልሴ አይደለም ነው። እናንተን የሚያስገድዳችሁ የለም፤ ባንክ ያለው ይበቃችኋል። ወርሃዊውን ይቀጥሉ።

ቀኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ የሚይዝበትን ሥርዓት እንድሠራ ቀጠረኝ። ደመወዙ ቀንሷል። ግን ሰው መታመም አያቆምም፤ አለቃዬም አስታማሚ የሚመስል ቅን ሰው ነው።

ደብዳቤዎችዎን በእነዚያ ወራት ደጋግሜ አነበብኳቸው። መጀመሪያ “የትኛው ይሻላል?” አሉኝ። ቀጥለው “በስምሽ ግዢው” አሉኝ። ከዚያ “እናውጣው ወይ?” አሉኝ። ከዚያ “ምንም አልጠይቅሽም” አሉኝ። አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ቀርቷል፤ እሱን ነው ከመጀመሪያው ልትጠይቁኝ የፈለጋችሁት። ሳይጠይቁኝ ልመልስልዎ። አዎ። ከእናንተ በኋላ ለቻርሚ እሆናታለሁ።

ግን ብቻዬን አይሆንም። እኔን አይታችሁኛል፤ በሁለት ወር ውስጥ ልጠፋ ምንም አልቀረኝም ነበር። የልጃችሁን ዕድሜ በአንድ ሰው ላይ አትጣሉት። ቅርብ የሚሆን ሌላ ሰው ይፈለግ። ገንዘቡም በቻርሚ ስም ባለአደራ ይቁምለት፤ ያለ ሁለት ፊርማ አይነካ። ከሁሉ በፊት ግን እሷ ራሷ ትጠየቅ።

ለቻርሚ፦ ቁጣሽ ደርሶኛል። ይገባኛል።

ኒራሊ


ባቭናጋር፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2023

ኒራሊ ልጄ፣ ልጃችን፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። ደብዳቤሽን ኢንዱማቲ ጮክ ብላ ስታነብ፣ “አዎ” የሚለው ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። እኔ ወረቀቱ ያለቀ መስሎኝ “ቀጥይ እንጂ!” አልኳት። እጇን አወዛወዘችብኝ። ከዚያ ወጥታ ለፕራቪን ሚስት ሳትነግራት አልቀረችም፤ ምክንያቱም ማታ ቺንታን መጥቶ እግሬን ነካ፤ ምን እንደነካው አላውቅም።

ሥራ ስታጪ ሳትነግሪን መቅረትሽ ግን አንጀቴን በላኝ። አገር አለሽ እኮ! ሁለት ክፍል ቤት ለሦስት ከበቃ ለአራት አይጠብም።

ቻርሚን ጠየቅናት። የተጠበሰ የሽምብራ ጋንቲያዋን እየበላች ነበር።

“ቻርሚ፣ እኔና እናትሽ አንድ ቀን እንሞታለን” አልኳት።

“አውቃለሁ። አያትም ሞታለች።”

“ያኔ ማን ይሁንልሽ?”

“መቼ ነው?”

“ምኑ?”

“የምትሞቱት።”

“እሱን አናውቅም።”

“እንግዲያው ቀስ ብዬ ላስብ” ብላ ሳህኗን ይዛ ወጣች።

እኛ እንቅልፍ አጥተን ስንገላበጥ እሷ ሁለት ቀን ሙሉ አሰበች። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን እያስጎነጎነች “ሳኪና ቅርብ ናት፤ ስልክ አታነሳም። ኒራሊ ሩቅ ናት፤ ስልክ ታነሳለች። ሁለቱም ይሁኑ” አለች። ቆይታ ደግሞ “ኒራሊ ግን ያላነሳችበት ጊዜ ነበር” አለች።

“ያኔ ሥራ አጥታ ነው” አልኳት።

“እንደኔ አቁማ?”

“አይ፣ አስወጥተዋት።”

“ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? እንዴት እንደሚመለሱ እኔ አውቃለሁ!”

ለሳኪናቤንም ነገርናት። “እኔ መስጊድ የምሄድ ሴት ነኝ፣ እናንተ ቤተ መቅደስ፤ ዘመድ ምን ይላል?” አለች። ኢንዱማቲ “ዘመድ የቻርሚን ልደት እንኳ አያውቅም” ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ሀርሻድራይ


ሲያትል፣ ጁላይ 30 ቀን 2023

የተከበሩ አጎቴ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። ጣራው በዝናቡ እንዳላፈሰሰ ተስፋ አለኝ። የባለአደራውን ሰነድ ፈርሜ ልኬያለሁ። ቻርሚ የፈረመችበትን ገጽ ሳየው ከሳኪናቤን፣ ከኔና ከሷ ፊርማ የሚነበበው የሷ ብቻ ነው።

ገበያው ተመልሶ እየጋለበ ነው፤ መቶው በተለይ። አሁን በከተማው ያለ ሰው ሁሉ ቺንታን ሆኗል። መውደቁ ካላስደነገጠዎት መነሳቱም እንዳያስጎመጅዎት። ድርሻውን ከአምስት አንድ ብለን ተስማምተናል፤ ከዚያ ሲያልፍ በዓመት አንድ ጊዜ ትርፉን ቀንሰን ወደ ሰፊው ፈንድ እናዛውራለን። ቀኑን የቻርሚ ልደት እናድርገው፤ እሷ የማትረሳው ቀን እሱ ነው። እኔም እዚህ ለራሴ ሰፊውን ጀምሬያለሁ፤ ከደመወዜ ጥቂት በየወሩ።

የሰላም ክረምት ያድርግላችሁ።

ኒራሊ


ሶምናት፣ ዲሴምበር 16 ቀን 2023

ኒራሊ ልጄ፣

ጄይ ሽሪ ክሪሽና። አድራሻውን አይተሽ ግራ እንዳይገባሽ፤ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የሞግዚትነቱ ጉዳይ የወረዳው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሰብሳቢው ትልቅ ሰው ነው፤ ግን ጥያቄውን ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። “ልጅቷ ሴትየዋን ትወዳታለች? ልጅቷ በራሷ ትለብሳለች?” ቻርሚ ትንሽ ታገሠች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ስባ “እኔ እዚህ ነኝ፤ እኔን ጠይቀኝ” አለችው። ሰውየው ደንግጦ መነጽሩን አስተካከለ። “እሺ እመቤት፤ ሳኪናቤን ሞግዚትሽ እንድትሆን ትፈልጊያለሽ?” አላት። “አዎ። ግን አለቃዬም ናት። ሁለቱን እንዳታምታታ ንገርልኝ” አለችው። ወረቀቱ ያን ዕለት ተፈረመ። ገንዘቡን አንቺና እሷ ከቻርሚ ጋር እንደምትጠብቁት ተመዘገበ።

ቺንታን መቶው በዓመቱ ምን ያህል እንደወጣ ሊነግረኝ በረንዳዬ ላይ ዘሎ ወጣ። “ሁሉንም እዚያ አስገብተው ቢሆን ኖሮ!” አለኝ። “ሁሉንም አስገብቼ ቢሆን ኖሮ አምና ሸጬው ነበር” አልኩት። አሰበበት።

ከዚያ ሳኪናቤን አንድ ነገር አለች። “ከሞታችሁ በኋላ ነው የምንሞክረው? በሕይወት እያላችሁ ሂዱና እንየው እንጂ።” እኔና ኢንዱማቲ ከቻርሚ ተለይተን አንድ ሌሊት አድረን አናውቅም። ከብዙ ክርክር በኋላ እስከ እሁድ ብለን በባሕር ዳር ወዳለው የሶምናት መቅደስ አውቶቡስ ተሳፈርን። ኢንዱማቲ መንገዱን ሙሉ ስልኩን በእጇ ጨብጣ ሄደች። አልጮኸም። መቅደሱ ደረስን፤ አልጮኸም። እኛ ስንደውል ቻርሚ “አሁን አይመቸኝም” ብላ ዘጋችው። ኢንዱማቲ በላች ለማለት ያህል ቀመሰች፤ ባሕሩንም አላየችውም። አርብ ጠዋት “አንድ ነገር ሆኗል፤ እንመለስ” አለች። እኔም ከሷ የባስኩ ነበርኩና አልተከራከርኩም።

አመሻሹ ላይ በራችንን አንኳኳን። የከፈተችው ቻርሚ ናት። ከኋላዋ የካክራው ማኅበር ሴቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ይበላሉ። የኢንዱማቲን የእንግዳ ሳህኖች አውጥታ በረድፍ ደርድራቸዋለች። ሳኪናቤን ከጥግ ሆና “እኔ የለሁበትም” በሚል እጇን አነሳች።

ቻርሚ ከላይ እስከ ታች አየችን።

“እስከ እሁድ ብላችሁ አልነበር?”

“ናፈቅሽን” አለች ኢንዱማቲ።

“ዛሬ እኮ አርብ ነው።” አቀፈቻት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። “እንግዶች አሉኝ። ግቡና ሻይ ጠጡ፤ ነገ ተመልሳችሁ ሂዱ።”

ኒራሊ ልጄ፣ ተመልሰን መጣን። ይህን የምጽፍልሽ ከባሕሩ ዳር ነው። ኢንዱማቲ ጫማዋን አውልቃ፣ የሳሪዋን ጫፍ ሰብስባ፣ ማዕበሉ እግሯን ሲነካት እንደ ልጃገረድ እየጮኸች ትሸሻለች፤ መልሳ ደግሞ ትጠጋለች። ስልኩን ክፍላችን ውስጥ ትታው ወጥታለች። እሁድ እንመለሳለን፤ ቻርሚ ከፈቀደችልን።

ሀርሻድራይ